አርባ ቀን ያልሞላው ኮድ

"ኧረ የሰው ያለህ! ጀልባው ሞልቶም ፕሮግራማችሁ ትኬት ይቆርጣል፤ የተረፈው ሰው እኔን ሊበላኝ ነው!" አለችኝ የወደቡ ትኬት ቆራጭ በስልክ። የትኬቱን ፕሮግራም የሠራነው እኔና ባልደረባዬ ደረጀ ነን። በዚያው ሳምንት፣ "ይህን መጨረሻው የማይታይ ኮድ በትንንሹ ከፋፍለው፤ ለእያንዳንዱም የሚሠራውን የሚናገር ስም ስጠው" ብዬው ነበር። ወንበር የሚቆጥረውን ክፍል ላርም ኮዱን ብከፍተው፣ መከፋፈሉንስ ከፋፍሎታል፤ ስማቸው ግን ሥራ አንድ፣ ሥራ ሁለት እያለ እስከ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ይወርዳል።

"ደረጀ፣ የታለ ስማቸው?" ብለው፣ የቄስ ልጅ አይደል፣ "ምን ያስቸኩላል? ልጅም ክርስትና ተነሥቶ ስም የሚወጣለት በአርባ ቀኑ ነው" አይለኝ መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። "ታዲያ ሰዉ አርባ ቀን ወደቡ ላይ ይቁምልህ?" ብዬ ጮኽሁበት። አንድ በአንድ እያነበብሁ፣ ቆጣሪውን ሥራ አሥራ ሰባት ውስጥ ሳገኘው ጀልባው ዘጌ ደርሶ ተመልሷል። በንዴት ቁጭ ብዬ ለአሥራ ዘጠኙም ስም አወጣሁላቸው። ደረጀ አየት አደረገና "እንግዲህ የክርስትና አባታቸው አንተ ነህ" አለኝ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አንዱ በታመመ ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው።