የተጠረገው እርሻ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ወንበሩን ለደከመው ልቀቁለት፤ ጉልበት ያለው ሣሩ ላይ ይቀመጥ። የማወራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ ግን አርባ ዓመት ሙሉ ጸጉር ስቆርጥና ጢም ስላጭ ስለኖርሁ፣ ሰው አገጩን ለምላጭ ሰጥቶ ሲቀመጥ የልቡን እንደሚናገር አውቃለሁ።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ አውቶቡሱ ከሚያዞርበት ትንሽ አለፍ ሲሉ፣ አንድ ባለእርሻ ወዳጅ ነበረኝ። ሰው ሁሉ «ጋሽ መጥረጊያ» ይለዋል። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሌሊቱ ሲነጋ ተነሥቶ ግቢውን ይጠርጋል፤ ግቢውን ሲጨርስ መንገዱን፣ መንገዱን ሲጨርስ፣ ልብ በሉ፣ እርሻውን ይጠርጋል! ከዛፍ ሥር ቅጠል፣ ከአትክልት መደብ ገለባ አይተርፈውም። ሁሉንም በጋሪ ሰብስቦ ከጓሮው ጀርባ ካለው ገደል ይደፋዋል። «በእኔ መሬት ላይ ቅጠል ወድቆ አድሮ አያውቅም» ሲል ደረቱን ይነፋል። እውነቱን ነው፤ መሬቱ እንደ ሊሾ ያበራ ነበር። ታዲያ ሊሾ ላይ ምን ይበቅላል?

አንድ ቀን ጠዋት፣ እንደ ልማዴ ጢሙን ልላጨው ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ስደርስ፣ ከበሩ ላይ አንዲት ወጣት ሴት አገኘሁ። ከአውቶቡስ መውረዷ ነው፤ በብብቷ ትልቅ ጥቅል ወረቀት ይዛለች። አየኋት፤ የእህቱ ልጅ ናት። እዚሁ አድጋ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ ስለ አፈር የተማረችው።

«ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? አጎቴ የሚፈርሙት ዛሬ ነው አሉ?»

«ዛሬ ነው ልጄ። ድንጋይ ፈጪው ከምሳ በፊት ይመጣል።»

ድንጋይ ፈጪው ማለት እርሻውን ገዝቶ፣ ቆፍሮ፣ ጠጠር ሊያደርገው የተዋዋለው ሰው ነው። ወዳጄም ልጁ ዘንድ ከተማ ገብቶ አራተኛ ፎቅ ላይ ሊኖር ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ልጅቱ ፊቷ ትንሽ ጠቆረ፤ ወዲያው ግን ጥቅሏን አጥብቃ ያዘችና «እንግዲያው በጊዜ ደርሻለሁ» አለች።

በረንዳው ላይ አስቀምጬው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አስሬ፣ አረፋውን ቀብቼው ነበር ስትገባ። ጉንጩን መሳም ስላልተቻላት ግንባሩን ሳመችው።

«ባዶ እጅሽን መጣሽ አንቺ?» አላት።

«ወረቀት ይዤ መጥቻለሁ አጎቴ።»

«ወረቀት አይበላም።»

«ይኼኛው ያበላል።»

ቤትና ዛፍ የተሣለበትን ወረቀት መሬት ላይ ዘረጋችው። ነፋሱ ሲያጥፍባት የምትጭንበት ጠጠር ፈለገች፤ ከየት ይምጣ! ሁሉ ተጠርጓል። ጫማዎቿን አወለቀችና ሁለቱን ጫፍ ጫነች፤ ሌላውን ሁለት ጫፍ በእኔ የሳሙና ጣሳና በቦርሳዬ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ወዳጄ አንገቱን እየሰገገ። ምላጩን አራቅሁ።

«የእርስዎ እርሻ ነው።»

«በእኔ እርሻ ላይ ስድስት ቤት የለም።»

«ገና ነዋ! ስድስት ቤተሰብ ሆነን ልንለምንዎ ነው የመጣሁት። ግንበኛው፣ አናጺው፣ አዋላጇ ነርስ፣ መምህሩና ሚስቱ፣ ንብ አርቢው፣ ስድስተኛ እኔ። ቤቶቹን ከዚሁ ከመሬቱ ጭቃ እንሠራለን። ጣሪያው የዝናቡን ውሃ ወደ ታንከር ያወርዳል፤ መብራቱ ከፀሐይ ይሆናል። ከመሬቱ የወሰድነውን ለመሬቱ እየመለስን፣ እርስዎን ይዘን፣ አንድ መንደር ሆነን እንኑር ነው የምንለው።»

«አሃ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ልትዪኝ ነው። ልጄ፣ እኔ የሚታሰር አንበሳ የለኝም። አንድ አህያ ነበረችኝ፤ እሷም ሞተች።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ግን አልተበገረችም።

«ደግሞስ ስድስት ቤተሰብ ባንድ ግቢ!» አለ። «ሁለት ምራት ባንድ ማጀት መቼ ተስማምተው ያውቃሉ?»

«ማጀት አንጋራም አጎቴ። እያንዳንዱ የራሱ በር፣ የራሱ ቁልፍ፣ የራሱ ኩርፊያ ይኖረዋል። የምንጋራው ውሃውን፣ የዘር ማስቀመጫውን፣ የሥራ ዕቃውን ነው። አሁን ስድስት ቤት ስድስት መጋዝ ምን ያደርግለታል? አንዱ ይሠራል፣ አምስቱ ይዝጋሉ።»

«ሲጣሉስ?»

«ይጣላሉ እንጂ፤ ሰዎች አይደሉ! ሐሙስ ሐሙስ ከዛፍ ሥር እንቀመጣለን። የተከፋ ይናገራል፣ ያጠፋ ይቅርታ ይጠይቃል። ኩርፊያ ከሐሙስ አያልፍም።»

ወዳጄ ጣቱን ወደ አንዲት ትንሽ ቤት ቀሰረ። «ይቺስ ጎጆ?»

«መጸዳጃ ቤት ናት። ውሃ አትፈልግም። በተጠቀሙ ቁጥር አመድና የአናጺውን ሰጋቱራ ይነሰንሱበታል። ሲሞላ ተከድኖ ዓመት አልፎት ይቀመጣል፤ ከዚያ አፈር ሆኖ ለዛፍ ሥር...»

«ምን? ምን አልሽ?» ከወንበሩ ዘለለ፤ ጆሮውን ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም። «እኔ! እኔ ቅጠል የማላሳድረው ሰውዬ፣ የሰው... አንተ ምላጭ፣ የምትለውን ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ፤ ተቀመጥ» አልሁት።

እሷ በትሕትና ቀጠለች። «ይፍረዱ አጎቴ። አሁን ያለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ከውሃ ጉድጓድዎ ስንት እርምጃ ይርቃል? በዝናብ ወራት ውሃው ለምን እንደሚሸት ያውቃሉ?»

ይህን አያውቅም አልል። ያውቃል፤ አፍንጫ አለው። ተቀመጠ፤ ቀኝ ጉንጩን ጨርሼ ወደ ግራው ልዞር ስል፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ ተሰማኝ።

«ልጄ፣ አሳብሽ መልካም ይሁን። ግን ሰው ሬሳ ላይ መንደር አይሠራም። መሬቱ ሞቷል። የአክስትሽን ብርቱካኖች አላየሻቸውም? እሷ እያለች ቅርንጫፉ በፍሬ ይጎብጥ ነበር። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመቷ፤ በየዓመቱ ሲያንስ፣ ሲያንስ፣ ዘንድሮ አንድ እንኳ አላፈሩም። ከእሷ ጋር ነው የሞተው። ለዚህ ነው የምሄደው እንጂ፣ አራተኛ ፎቅ ወድጄ መሰለሽ?»

ምላጬን አስቀመጥሁ። የሟች ሚስቱ አሥራ አንድ የብርቱካን ዛፎች ከፊታችን ቆመዋል፤ ሥራቸው ንጹሕ፣ ቅርንጫፋቸው የከሳ እጅ የመሰለ።

ልጅቱ ከወንበሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ጉልበቱን ያዘች። «አልሞተም አጎቴ። ተርቦ ነው።»

«ተርቦ? ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣው የለም እንዴ?»

«ውሃ ያጠጡታል፤ ምግቡን ግን በየቀኑ በጋሪ ያወጡበታል። የወደቀው ቅጠል የዛፉ ምሳ ነው። እርስዎ ሳይቀምሰው ገበታውን ያነሱበታል።»

«ንጽሕናዬን ነው የምትነቅፊው?»

«ኧረ በጭራሽ! ንጽሕና ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ንጽሕና ለወለል ነው። መሬት ግን ወለል አይደለም፤ ሆድ ነው። ሆድን ማን ይጠርገዋል?» ከዚያ ቀና አለች። «ለመሆኑ ገደሉ ውስጥ ወርደው ያውቃሉ?»

«ቆሻሻ ውስጥ ምን ልሠራ እወርዳለሁ?»

«እኔ መንገዴን በዚያ በኩል አድርጌ አየሁት። ይነሡ፣ አብረን እንውረድ። ከዚያ ይፈርሙ፤ አልከለክልዎትም።»

ወረድን። ፎጣው አንገቱ ላይ፣ አንዱ ጉንጩ እንደ ሙሽራ የተላጨ፣ ሌላው በአረፋ እንደ በግ የነጣ። ሦስት እርምጃ ሳንሄድ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሰመጠ። አፈሩ ጥቁር፣ ለስላሳ፣ እርጥብ! ማንም ውሃ ሳያጠጣው። የዱባ ሐረግ ገደሉን ሞልቶታል፤ አንዱ ዱባ ሕፃን ልጅ ያህላል። ቲማቲም ማንም ሳይደግፈው ቋጥኝ ላይ ተንጠልጥሏል። ወዳጄ «ማነው እዚህ የሚያርሰው?» አለ፤ የሰው እርሻ የረገጠ ይመስል ወደ ኋላ እያለ።

«እርስዎ ነዎት» አለችው። «ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጋሪ ሲያበሉት።»

ያኔ ዓይኑ ከገደሉ ጥግ ላይ ቀረ። የብርቱካን ዛፍ ነው። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፤ ቅጠሉ ከአረንጓዴ አልፎ ሊጠቁር ደርሷል፤ ፍሬው ተሸክሞት ቅርንጫፉ መሬት ነክቷል።

ወዳጄ ሄዶ ግንዱን ዳሰሰ። ከዚያ ለእኛ ሳይሆን ለዛፉ የሚያወራ መሰለ።

«በሞተችበት ዓመት የለቀመችው አንድ ቅርጫት ቀርቶ ነበር። ልበላው አልቻልሁም። ሲበሰብስ ጊዜ አምጥቼ እዚህ ደፋሁት።»

አንዱን ቀጠፈ፣ ላጠ፣ ጎረሰ። ጭማቂው በአረፋው ላይ ወረደ። «የእሷው ነው» አለ። «ጣዕሙ የእሷው ነው።»

እንባውም ሳቁም ባንድ ላይ መጣበት። «ትቆጣኝ ነበር እኮ! ‹ተው አንተ ሰው፣ ዛፎቼን ልብሳቸውን አትግፈፋቸው› እያለች መጥረጊያዬን ትነጥቀኝ ነበር። የወጥ ቤቷን ልጣጭ ከሥራቸው ስትደፋ ‹ዝንብ ልታመጪብኝ ነው› እላት ነበር። ስትሄድ ከልካይ አጣሁ። ጠረግሁ፣ ጠረግሁ... ሐዘኔን የምጠርግ መስሎኝ።»

ይህን ጊዜ ከላይ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ድንጋይ ፈጪው ደረሰ።

ወዳጄ ብርቱካን በፎጣው ቋጥሮ እንደ ጎረምሳ ወደ ላይ ሮጠ፤ እኔ ከኋላው እያለከለክሁ። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ውሉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ወዳጄ እስክሪብቶውን በመቀበል ፈንታ አንድ ብርቱካን እጁ ላይ አኖረለት።

«ይቅርታ አድርግልኝ ወንድሜ፤ አልሸጥም። ውሉ አለመፈረሙ በጀን። ይህን ለመንገድህ ያዝ።»

«ጋሼ! ባለፈው ሳምንት የሞተ መሬት ነው ብለውኝ አልነበረም?»

«ባለፈው ሳምንት እኔና መሬቱ አልተዋወቅንም ነበር።»

ሰውዬው ትክ ብሎ አየው። «ፊትዎስ ምን ሆኖ ነው?»

«ግማሹ ተስማምቷል» አለ ወዳጄ፤ «ግማሹ ገና እያሰበበት ነው።»

ድንጋይ ፈጪውም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ስቆ፣ ብርቱካኑን እየላጠ ሄደ።

የቀረውን ጉንጭ ስላጨው፣ ከእህቱ ልጅ ጋር ተደራደረ። «አሥራ አንዱን ዛፎች የሚነካ የለም። መጸዳጃዋን ከነፋሱ በታች አድርጉልኝ። ሦስተኛ፣ መጥረጊያዬን እንዳትወስዱብኝ፤ ሌላ ሥራ አላውቅም።»

«መጥረጊያውን ማን ይነካል?» አለችው። «አቅጣጫውን ብቻ እንቀይረው። ከዛፉ ወደ ገደል መሆኑ ይቅርና፣ ከመንገዱ ወደ ዛፉ ይጥረጉ።»

እሱም በማግስቱ እንዲያ አደረገ።

ሁሉ ነገር ወዲያው አማረ ብዬ አልዋሻችሁም። በመጀመሪያው ዓመት የግንበኛው ፍየል የመምህሩን ጎመን ጠርጋ በላች፤ ሐሙሱም ረዥም ሐሙስ ነበር። ንብ አርቢው ሁለት ሐሙስ አኮረፈ፤ ሕጉ ስለተጣሰ ማር አስከፈሉት፤ በልተን ታረቅን። በሁለተኛው ዓመት ከገደሉ አፈር በጋሪ ወደ ላይ እየመለስን ከዛፎቹ ሥር አለበስን። ያው ጋሪ ነው፤ መንገዱ ብቻ ተገለበጠ። በሦስተኛው ዓመት ሰባቱ ዛፎች አበቡ። ሽታው እስከ አውቶቡሱ ማዞሪያ ድረስ ወጥቶ፣ ሾፌሩ ሞተር አጥፍቶ ሲያሸት አይቼዋለሁ።

የውሃው ሽታ ጠፋ። አዋላጇ እንደነገረችኝ ከዚያ ወዲህ በመንደሩ ልጅ በተቅማጥ አልተኛም። ለምሳ የሚሆነው አትክልት ከደጅ ይቀነጠሳል። አንዱ ሲታመም አትክልቱን የሌላው እጅ ያጠጣለታል። አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው ልጅም አባቱን ሊጠይቅ መጥቶ፣ ሁለት ቀን ብሎ ሳምንት ከረመ። ወዳጄ ያቺን ሻንጣ ምን አደረጋት መሰላችሁ? ዘር ያስቀምጥባታል። ብቻውን ሊያረጅ የነበረው ሰው፣ ዛሬ ሐሙስ ሐሙስ ዳኛ ነው፤ የሚጮህበትም የሚስቅበትም ሰው ሞልቶታል።

በቀደም ልላጨው ሄጄ፣ ትንሿን የመምህሩን ልጅ መጥረጊያ አያያዝ ሲያስተምር አገኘሁት። «ወደ ዛፉ፣ ወደ ዛፉ!» ይላታል። «የእመቤቲቱን ዛፎች ምሳ አቅርቢ!»

እኔ እንግዲህ ሸምግያለሁ፤ ለናንተ የምተወው ሀብት የለኝም። ነገ ጠዋት ግን ደጃችሁን ስትጠርጉ፣ የሰበሰባችኋትን ቅጠል ከመጣላችሁ በፊት እፍኝ አድርጋችሁ ያዟትና፣ የማን ምሳ እንደሆነች አንዴ አስቡልኝ። እኔንም በዚያው አስታውሱኝ፤ ይበቃኛል።