ከመስኮት የወረወርኳት ጠጠር

እኔ ለፋሲካ ቤት ሳጸዳ ምሕረት የለኝም። እስራኤል አገር፣ ሀደራ ከተማ ውስጥ የምንከባከባቸው አሮጊት ቤት፣ ከወንድማቸው ፎቶ ሥር ያገኘኋትን ጠጠር በመስኮት ወረወርኳት።

«ጠጠሬስ?» አሉ ደንግጠው። ለካስ ወንድማቸው ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ላይ ተኳሽ ሆኖ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሞተ፣ ሆላንድ የተቀበረ ነው። ጠጠሯም እንደ አይሁድ ልማድ መቃብሩ ላይ ሊያኖሯት ዕድሜ ልካቸውን ያስቀመጧት ኖራለች! ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግሥቱ እዚያው ሀደራ ካለው ከጊቫት ኦልጋ ባሕር ዳርቻ ሁለት ጠጠር ለቅሜ መጣሁ።

«ሁለተኛዋ የማን ናት?» አሉኝ።

«የአባቴ። ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን በረሃ ቀበርነው፤ ቦታውን እንኳ አናውቀውም።»

ሁለቱንም መዳፋቸው ላይ አደረጉ። ከዚያ፣ «የወንድሜ መቃብር ድንጋይ ሰፊ ነው፤ ለሁለቱም ይበቃል» አሉኝ። «ፓስፖርት አለሽ?»