የሻለቃው የእንጨት እርግቦች

(ጥር፣ ማክሰኞ ረፋድ። ታጭዶ በተወቃ የስንዴ ማሳ ዳር፣ ከገለባ በተሠራ መደበቂያ ውስጥ፣ ጡረታ የወጡት ሻለቃ አምባዬ ረሽ ጠመንጃቸውን ደግነው አድፍጠዋል፤ የማሳው ባለቤት፣ ባሏ የሞተባት ወይዘሮ አትጠገብ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብላለች።)

አትጠገብ፦ ይኸው፣ ይኼኛውም መንጋ በላያችን አለፈ። ቁልቁል አይቶ፣ ታዝቦን ሄደ እኮ ሻለቃ።

ሻለቃ፦ ድምፅሽን ቀንሺ። ወፍ ጆሮ አላት።

አትጠገብ፦ ዓይንም አላት። ያንን የእንጨት ጉድዎን ያየችው በዓይኗ ነው።

ሻለቃ፦ ማባበያ ነው የሚባለው። የዱር እርግብ ወገኖቿ ማሳ ላይ ሲለቅሙ ካየች፣ እህል አለ ብላ ትወርዳለች። ከዚያ በኋላ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው።

አትጠገብ፦ እነዚህ ግን የሚለቅሙ አይመስሉም። በሦስት ረድፍ አሰልፈው፣ ሁሉንም ቀኝ አሳይተው አቁመዋቸዋል። ለመሆኑ በሰልፍ እህል የምትለቅም እርግብ የት አይተዋል?

ሻለቃ፦ ሥርዓት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሳስተምር የኖርኩት ነው።

አትጠገብ፦ እርግቧ ግን አልሠለጠነችም። ሰልፉን ስታይ ባለሥልጣን ሊመጣ ነው ብላ ሸሸች።

ሻለቃ፦ ሳቂ። ሽማግሌዎቼ ቤትሽ ቁጭ ብለው መልስ ይጠብቃሉ፤ አንቺ እዚህ ትስቂያለሽ።

አትጠገብ፦ እነሱማ ጠላዬን እየጠጡ ነው፤ ምን ቸገራቸው። መልሱን ደግሞ ነግሬያቸዋለሁ። አንዲት እርግብ ይጣል፣ በእጁ ይረድ፣ ለምሳ ያቅርብልኝ፤ ያን ጊዜ አገባዋለሁ አልኩ። ቃሌን አላጥፍም።

ሻለቃ፦ ስንት ጦር ሜዳ የዋለ ሰው በእርግብ ይፈተን?

አትጠገብ፦ በእርግብ የመጡት እርስዎ ነዎት። «ወንድ የሌለበት ማሳ፣ እርግብ ጨረሰው» እያሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እስከ ገበያ ያወሩት ማን ነው?

ሻለቃ፦ ዋሸሁ እንዴ? ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ። መሬትሽን ሌላ ያርሰዋል፣ እኩሌታውን ይዞ ይሄዳል። የፋሲካ ዶሮሽንስ ማን ያርድልሻል? መንገደኛ።

አትጠገብ፦ እሷን ይተዉልኝ።

ሻለቃ፦ ለምን እተዋታለሁ? አገር የሚያውቀው ነው። ዶሮሽን ታቅፈሽ በርሽ ላይ ቆመሽ፣ ያለፈውን ያገደመውን ወንድ ሁሉ «ጌታዬ፣ ጌታዬ» ስትይ ትውያለሽ።

አትጠገብ፦ እውነት ነው። እሱ እሱ ነው ያንገፈገፈኝ። መሬቴን ያረሰ ያርሰው፤ ቤቴንም ጎተራዬንም አላጣሁም። ለአንዲት ዶሮ ብዬ ሰካራሙን ሁሉ ጌታዬ ማለት ግን ውርደት ነው። ባይሆንማ ሽማግሌ የላኩት እርስዎ ሆነው ሳለ በሬን እከፍት ነበር?

ሻለቃ፦ ምን ማለትሽ ነው? እኔ ምን ጎደለኝ?

አትጠገብ፦ እሱን ሌላ ቀን እንጫወተዋለን። አሁን ወታደሮችዎን ተበተኑ ይበሏቸው።

ሻለቃ፦ ሴት ልታስተምረኝ።

አትጠገብ፦ እሺ፣ እንግዲያው ጀንበር እስክትጠልቅ ሰልፉን እንጎብኝ።

ሻለቃ፦ ...ቆይ፣ ልሂድ። ይኸው፣ በተንኳቸው። አንዷ እዚያ፣ አንዷ እዚህ፣ ሁለቱ ፊት ለፊት ተያይተው። ደስ አለሽ?

አትጠገብ፦ አሁን እርግብ መሰሉ። በሉ ይግቡ፤ ከወንዙ በኩል እየመጡ ነው። ዝቅ ይበሉ፣ ባርኔጣዎ ይታያል።

ሻለቃ፦ እየዞሩ ነው። ወረዱ። አትንቀሳቀሺ... ተኮስኩ። አየሽ አንገቷ ሲበር?

አትጠገብ፦ አየሁ። የእንጨቷ ነው።

ሻለቃ፦ የሁለተኛው ጥይትስ?

አትጠገብ፦ የሁለተኛውስ... አዎ፣ እውነተኛ ናት። ክንፏን ነው ያገኟት። ይሩጡ እንጂ፣ በነፍሷ ሳለች በስመ አብ ብለው ካልባረኳት ጥንብ ናት።

ሻለቃ፦ አንቺ አምጫት። እኔ ጉልበቴን ያመኛል።

አትጠገብ፦ ጉድ ነው። ይኸው፣ መጣች። ቢላዎ ወገብዎ ላይ ነው።

ሻለቃ፦ አጥብቀሽ ያዥልኝ።

አትጠገብ፦ ይዣለሁ።

ሻለቃ፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ።

አትጠገብ፦ አሜን።

ሻለቃ፦ ...ፊቷን ወዲያ አዙሪያት። ታየኛለች።

አትጠገብ፦ ሻለቃ፣ ቢላው ገና ከአፎቱ አልወጣም።

ሻለቃ፦ ብርዱ ነው።

አትጠገብ፦ በዚህ ፀሐይ?

ሻለቃ፦ እንግዲህ አርጄ አላውቅም። ተናገርኩ፤ በቃሽ? በጠመንጃ ሲሆን ሌላ ነው፤ የመታሽው እዚያው ርቆ ይወድቃል። በእጄ ይዤው ሲንፈራገጥ፣ ደሙ ጣቴ ላይ ሲሞቀኝ ግን አልችልም። ሲያርዱልኝ ነው የኖርኩት፤ መጀመሪያ አባቴ፣ ከዚያም ወታደሮቼ።

አትጠገብ፦ ቆይ እስቲ። ባለፈው የፋሲካ ዋዜማ በበቅሎ በደጄ ሲያልፉ «ይህችን ዶሮ ይባርኩልኝ» ብዬ ለምኜዎት ነበር። ያስታውሳሉ?

ሻለቃ፦ ቸኩዬ ነበር።

አትጠገብ፦ ቸኮልኩ ብለው በቅሎዎን ኮለኮሉ። እኔ ደግሞ የመበለት ዶሮ ለእጁ አልመጠነችም፣ ናቀኝ ብዬ በሬ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ዓመቱን ሙሉ ስምዎ በተነሳ ቁጥር ወሬውን አቋርጬ እሄድ ነበር።

ሻለቃ፦ አልናቅኩሽም። ፈርቼ ነው።

አትጠገብ፦ ታዲያ ፈራሁ ቢሉኝ ምን ነበረበት? ፈርተው ከሸሹ በኋላ ደግሞ ገበያ መሃል ቆመው «ዶሮዋን ማን ያርድላታል» እያሉ ሳቁብኝ። ቢንቁኝ ይሻል ነበር።

ሻለቃ፦ ለሽማግሌዎቹ እንዳትነግሪ፣ አደራ። ከተጋባን በኋላ ዶሮውን አሽከር ያርደዋል።

አትጠገብ፦ ቢላውን ይስጡኝ።

ሻለቃ፦ ምን ልታደርጊው?

አትጠገብ፦ ነፍሷ ሳትወጣ ይስጡኝ። ክንፏን ይያዙልኝ፤ ካስፈራዎት ፊትዎን ያዙሩ።

ሻለቃ፦ አትጠገብ፣ ሴት ያረደችው አይበላም። የነፍስ አባትሽ ቢሰሙ ይገዝቱሻል።

አትጠገብ፦ ንስሐ እገባለታለሁ። እንዳይለቋት ብቻ። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፣ አሐዱ አምላክ።

ሻለቃ፦ አገር ምን ይላል?

አትጠገብ፦ ጠበቅ አድርገው ይያዟት፤ እያረድኳት ነው።

ሻለቃ፦ አለቀ?

አትጠገብ፦ አለቀ። እንዲህ ቀላል ኖሯል? ባል የምፈልገው እኮ ለዚህ ብቻ ነበር።