እትዬ ቆይ እና ያልታረሰው ጠርዝ

እስቲ ወንበራችሁን ጠጋ ጠጋ አድርጉ። ከኋላ ያላችሁ የማሸጊያ ክፍል ሰዎች፣ ሳህኑን ለጊዜው ተዉት፤ አይሸሽም። ማይክራፎኑን የሰጣችሁኝ እናንተ ናችሁ፤ እንግዲህ የሚመጣውን ቻሉት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ላጥራ። ዛሬ በጡረታ የምንሸኛትን ሴት ለወጉ ስል በአደባባይ «እሳቸው» ልላት ወስኜ ነበር። አሁን በር ላይ ስንገናኝ ነገርኳት። «ሞክረውና ተነስቼ እሄዳለሁ» አለችኝ። ስለዚህ እንደለመድኩት «አንቺ» እላታለሁ፤ ድፍረት የመሰለው ካለ ክሱን ለእሷ ያቅርብ።

የመጣችበትን ቀን የምታስታውሱ ጥቂት ናችሁ። የተቀበልናት ከማሸጊያው ጀርባ ባለው የሠራተኞች ምግብ ቤት ነበር። አዲስ የተባይ መከላከል ኃላፊ መጣች፣ ስለ ነፍሳት ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች ናት ተብሎ፣ የዚያን ጠዋት የተለቀመ እንጆሪ በትልቅ ሳህን ቀረበላት። ቀይ ነው፣ ያበራል፣ እንኮራበታለን። የምግብ ቤቱ አለቃ፣ «ብዪ እንጂ እህቴ፣ አፈርሽ እንዴ?» አለቻት። እሷም ፈገግ ብላ «ቆይ» አለች። እዚህ ግቢ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነው።

ተነሳች። ጎድጓዳ ሳህን ጠየቀች፣ ውሃ ሞላችበት፣ ጨው በትልቁ ዛቅ አድርጋ ጨመረችበት፣ እንጆሪውን ዘፈዘፈችው። እኛ «የተማረ ሰው እንዲህ ነው የሚበላው» በሚል ዓይን ተያየን። ጥቂት ቆይቶ ከእንጆሪው ውስጥ ነጫጭ ክር የመሰሉ ነገሮች እየወጡ ውሃው ላይ ይዋኙ ጀመር። የዝንብ ትል! በዚያች ሰዓት እያንዳንዳችን አፍ ውስጥ አንድ አንድ እንጆሪ ነበር። የያኔው ሒሳብ ሹም የእሱን ዋጠው ይሁን ተፋው እስከ ዛሬ አልነገረንም።

«ጥሩ ነው፤ ሥራ አለ ማለት ነው» ብላ ተቀመጠች።

ያ በጋ እስኪያልቅ በዚያ ምግብ ቤት እንጆሪ የነካ አልነበረም። እሷ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ እትዬ ቆይ ሆነች። እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያውቀው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው።

«ቆይ» ስትል ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ቃሉ በተለይ ለፀረ ተባይ መርጫው ነው። ሻለቃን ታውቁታላችሁ፤ የመርጫው ትራክተር ነጂ፣ ያ ጥግ ላይ አንገቱን የደፋው። ሻለቃ ያልነው ወታደር ቤት ኖሮ አይደለም። ጭምብሉን፣ ጓንቱን፣ ቦቲውን አጥልቆ ሲወጣ ጠላት ድንበር የጣሰ ስለሚመስል ነው። ሙቀቱ በሚበረታበት ወር በየጠዋቱ ይቺን ቲያትር እናያለን። ትራክተሩ ሲንዶቆዶቅ ይመጣል፤ እሷ መንገዱ መሀል ቆማለች።

«ወዴት ነው ሻለቃ?»

«ወደ ኮኩ ማሳ። ጥንዚዛ ገብቷል።»

«ማን አየው?»

«ራሴ ነኛ! በዚህ በዓይኔ!»

«ስንት?»

«አንድ። ግን እትዬ፣ ትልቅ ነው።»

«ለአንድ ጥንዚዛ ይሄን ሁሉ በርሜል? ቆይ፣ ሞተሩን አጥፋና ውረድ። ወጥመዱን አብረን እንይ።»

እያጉረመረመ ይወርዳል። ግን ይወርዳል።

ስለ ወጥመዶቿ ደግሞ ምን ልበል? በየቅርንጫፉ የኮምጣጤ ጠርሙስ፣ በየረድፉ ቢጫ ሙጫ ወረቀት። በዚህ አዳራሽ ፀጉሩ ያልተጣበቀበት ሰው አለ? ራሰ በራዎች እጃችሁን አውርዱ፤ እናንተ አትቆጠሩም።

ባለቤቷ መምህር እዚህ ስላሉ ምስክር አድርጌ እጠራቸዋለሁ። እነሱ ቤት ማጉያ መነጽር የሚቀመጠው ከማንኪያ ጋር፣ በአንድ መሳቢያ ነው። በልጃቸው ሠርግ ፎቶ አንሺው «እስቲ ፈገግ በሉ» ሲለን ሁላችንም ፈገግ አልን። እሷ የሙሽሪትን አበባ ቅጠል ገልብጣ «ክሽክሽ!» አለች፤ ያ ቅጠል ሥር ተጣብቆ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ ማለቷ ነው። ፎቶው ላይ ዘመድ አዝማዱ በሙሉ ጥርሱን ያሳያል፤ የሙሽሪት እናት አበባው ውስጥ ገብታለች። መምህር ከዚያ ሁሉ ፎቶ መርጠው ሳሎን የሰቀሉት ይሄንኑ ነው። ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው። «ሌላው እሷን አይመስልም» አሉኝ።

ባልዲውንም አልረሳሁም። ማንም ሰው ማሳ ገብቶ ባዶ እጁን እንዳይወጣ ያለችው እሷ ናት። የወደቀ ፍሬ ካየህ ታነሳለህ፤ መሬት ላይ የሚበሰብስ ፍሬ ለዝንብ የአራስ ቤት ነውና። ለለቃሚ ብቻ ቢሆን ደንቡ ባልገረመን። አንድ ጊዜ ከባንክ ትልልቅ ሰዎች መጡ፤ ከረባት፣ የሚያብረቀርቅ ጫማ። ጉብኝቱ አልቆ ወደ መኪናቸው ሲያመሩ እትዬ ቆይ በሩ ላይ ባልዲ ደርድራ ጠበቀቻቸው። እኔ ወደ ጎን ጎትቼ፣ «አንቺ! እንግዶች እኮ ናቸው!» አልኳት።

«ዝንቧም ከውጭ የመጣች እንግዳ ናት» አለችኝ። «በእንግዳ ደንብ ብንሄድ እሷም ተከብራ ትኖራለች።»

ሰዎቹ ጎንበስ ብለው ለቀሙ። አንደኛው በኋላ ስልክ ደውሎ፣ እቤቱ ባለችው የፕሪም ዛፍ ሥር ምን ማድረግ እንዳለበት ጠየቃት።

ከእኔ ጋር ስለነበራት ጸብ ብዙ ሰምታችኋል፤ ብዙው እውነት ነው። እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሥራዬ «አይሆንም» ማለት ነው። ፖም ላይ አንድ ቀዳዳ ካየሁ ሳጥኑን እመልሳለሁ። እሷም ያንኑ ሳጥን አሸክማ ቢሮዬ ትገባና፣ «ክብሪት፣» ትለኛለች፤ ለእኔም ስም አውጥታልኛለች፤ «ክብሪት፣ ይሄንን ቀዳዳ ወፍ ነው የወጋው፤ ትል አይደለም። ትል ሲገባ በሩ ላይ ፍርፋሪ ይተዋል። ሳትለይ አትንደድ።» እንከራከራለን። የማሸጊያ ሴቶች ሥራ አቁመው መስኮቱ ሥር ይሰበሰባሉ። ወፍ ሲሆን እሷ ትስቃለች። ትል ሲሆን ደግሞ አንድም ቃል ሳትጨምር ሳጥኑን አስነስታ፣ ትሉ የመጣበትን ዛፍ እስክታገኝ ማሳውን ታስሳለች። እውነት ስትረታት የማታኮርፍ ሰው አይታችኋል? እኔ ከእሷ ሌላ አላየሁም።

አሁን ወደ ኮኩ ዓመት ልሂድ። ሻለቃ፣ ፈቅደህልኛል አይደል? ፈቅዷል።

እትዬ ቆይ ለቀዶ ጥገና ሆስፒታል የተኛችበት በጋ ነው። የያኔው ሥራ አስኪያጅ፣ አሁን እዚህ የሉም፣ ኮኩ ላይ ጥቂት ጥንዚዛ አይተው ደነገጡ። «ርጭ» አሉ። ሻለቃ ረጨ። «ድገም» አሉ፤ ደገመ። ጥንዚዛው ሞተ። ሻለቃም የድል አድራጊ አረማመድ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ቅጠሉ ሁሉ ነሐስ መሰለ። ለካ ጥንዚዛውን የገደለው መርዝ፣ ቀይ ሸረሪቷን እየበሉ ልክ የሚያስገቧትን ነፍሳት በሙሉ ጠርጓቸዋል። ቀይ ሸረሪት ማለት ለዓይን የማትሞላ፣ ከቅጠል ሥር ሆና የምትመጥ ጉድ ናት። ጠባቂ ስታጣ ማሳውን ወረሰችው።

እትዬ ቆይ ከሆስፒታል ወጥታ መጣች፤ ገና በደንብ ቀና ብላ መሄድ አልቻለችም። እኔ ቁጣውን ስጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ልደርብበት ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ሻለቃን ጠርታ በኮኩና በእንጆሪው መሀል ወዳለው፣ ሳርና የዱር አበባ ወደሞላበት ጠርዝ ወሰደችው። «በደረትህ ተኛ» አለችው። ተኛ። መነጽሩን ሰጠችው። ሰውዬው ሳሩ ውስጥ አንዲት ክንፍ ያላወጣች፣ የአዞ ግልገል የመሰለች ፍጥረት ክሽክሽ ስትቆረጥም አየ።

«ይቺ ደግሞ የማን ናት?» አለ።

«የኛ ናት። ስታድግ ያቺ ቀይዋ ባለነጠብጣብ ጥንዚዛ ትሆናለች።»

ሻለቃ ጓንቱን አውልቆ፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ የጨረስኩት የገዛ ሠራዊታችንን ነው!» አለ። እሷም ቁስሏን በእጇ ደግፋ፣ «አታስቀኝ፣ ስፌቱ ይፈታል» አለችው።

አሁን ቀልዱን ላቁም።

እሷ ከመምጣቷ በፊት እዚህ በየሳምንቱ ይረጭ ነበር። ተባይ ኖረም አልኖረም፣ ቀኑ ከደረሰ ይረጫል። ለቃሚዎች ቅጠሉ ሳይደርቅ ይገባሉ። የመንታዎቹ እናት፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ያለሽው፣ አንድ ቀን የነገርሽኝን ልናገር። ማታ ቤትሽ ስትገቢ ልጆችሽ እየሮጡ ሲመጡ፣ «አትንኩኝ! መጀመሪያ ልታጠብ!» ብለሽ በር ላይ ታስቆሚያቸው ነበር። ታጥበሽም እጅሽ ስለሚያሳክክሽ፣ እነሱን ለማቀፍ ትፈሪ ነበር። ዛሬ ምሳሽን የምትበዪው ከለቀምሽበት ዛፍ ሥር ተቀምጠሽ ነው። እትዬ ቆይ፣ እኔ የማመሰግንሽ ስለ ምርቱ አይደለም። ምርትን የሚያመሰግን ሞልቷል። እናት ከሥራ ስትመለስ ልጇን በር ላይ እንድታቅፍ ስላደረግሽ ነው። ይሄንን በወግ ያመሰገነሽ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም። አሳፋሪ ነው።

እና ከዚህ ቀጥሎ የምለው ለሽኝት አይመችም። «ዛሬ ባይነሳስ» ያላችሁኝ አላችሁ። እሷ ከሄደች በኋላ ማን ያነሳዋል?

ያ ጠርዝ፣ ሻለቃ በደረቱ የተኛበት ሳር፣ ሰኞ ሊታረስ ነው። ጥቂት የእንጆሪ ረድፍ ይጨምርልናል ተብሏል። ይጨምራል፤ አልክድም። ግን የኛ ጥንዚዛዎች የሚያድሩት፣ የሚፈለፈሉት እዚያ ነው። ማሳው ላይ ተባይ ሲነሳ ከዚያ ነው ተነስተው የሚመጡት። ቤታቸውን ካረስነው በሚመጣው በጋ ማንም አይመጣም፤ የሚመጣው ትራክተሩ ነው። በየሳምንቱ። ያኔ የመንታዎቹ እናት እንደገና በር ላይ «አትንኩኝ» ልትል ነው። ለጡረተኛዋ የግድግዳ ሰዓት ሰጥተን የሠራችውን ሥራ ሰኞ ጠዋት ልንገለብጠው? ይሄ ሽኝት አይደለም፤ ንቀት ነው።

ሥራ አስኪያጃችን፣ ዓይኔን አይሽሹ። ክፉ ሰው እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እርስዎም ባልዲ ይዘው ሲለቅሙ አይቻለሁ። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ይመልሱላት፤ ይቺው ከፊትዎ ተቀምጣለች። ሰኞ ትራክተሩ ይገባል?

ምን አሉ? ጮክ ይበሉልኝ፤ ከኋላ አልተሰማም።

«ሰኞ አይገባም» ብለዋል። ቆይ፣ አታጨብጭቡ! እኔ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ በሬን አያልፍም። ሰኞ አይገባም ማለት ማክሰኞ ይገባል ማለት ነው?

እየሳቁ ነው። እሺ። «ጠርዙ አይታረስም፤ እሷ የምታውቀውን ለተተኪዋ እስክታሳይ፣ ከዚያም በኋላ አይታረስም» አሉ። ሁላችሁም ሰማችሁ? ሻለቃ፣ ሰማህ? «ማረሻውን ዛሬውኑ እፈታዋለሁ» ይላል። አሁን አጨብጭቡ።

እትዬ ቆይ፣ አታልቅሺ። እኔም አላለቅስም፤ ዓይኔን ያቃጠለኝ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት እዚህ የለም የሚል ካለ ደግሞ ውጭ እንገናኝ።

ብርጭቋችሁን አንሱ። መምህር፣ እርስዎም ይነሱ፤ ይቺን ሴት በየበጋው ያበደሩን እርስዎ ነዎት። ጤና ይስጣችሁ። ልጅሽ የልጅ ልጅ ታሳይሽ። ጉልበትሽ አይዛል፣ ዓይንሽ አይፍዘዝ፣ ጧት ማንም በማይቀሰቅስሽ አልጋ እስኪበቃሽ ተኚ። ሲሰለችሽ ደግሞ ነይ፤ ኮኩና እንጆሪው መሀል የሚጠብቅሽ ቦታ አለ፤ ሳሩም እስከዚያ ጉልበት ደርሶ ይቆይሻል።

ለጤናሽ!