እንግዳ ሲመጣ የሞቀችው ሞተር

ሞተሯ ትኩስ መሆኗን ያወቅሁት ጋሼ ሸዋንግዛው ግዢውን መርቀው ከጨረሱ በኋላ ነው። አቧራዋን ልጠርግ ጎንበስ ስል ጉልበቴን አቃጠለችኝ። ሻጩ ኢሳ ግን ከተነሣች ሁለት ሳምንት አልፏታል ብሎን ነበር።

ኢሳ እዚህ ሱዳን፣ ኦምዱርማን ውስጥ ሞተር የሚጠግን የወሎ ልጅ ነው። ጠዋት ሱቅ ዐረቢ ገበያ አውቶቡስ ስንጠብቅ በአጋጣሚ አገኘነው። ልጄ ክብሮም ለሥራ ካፉሪ ሰፈር ድረስ በሁለት አውቶቡስ መመላለስ መሮት ሞተር ሲመኝ ከርሟል። ኢሳ አሮጌ ትንሽ የስፖርት ሞተር አለችኝ ሲል፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሸዋንግዛው፣ «የአገር ልጅ እያለ ምን ያዞረናል? ያላ፣ እንሂድ» ብለው ቀድሞን ወደ ጋራዡ ወደ ሄደው ኢሳ ይዘውን ሄዱ።

«ኢሳ፣ ለምን ሞቀች?» አልኩት።

«እንግዳ ይመጣል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«እንግዳ ሲመጣ የሚሞቀው ወጥ ነው።»

ጋሼ ተቆጡ። «ወለተማርያም፣ ተይ እንጂ። ከመረቅሁ በኋላ ሰውየውን ሌባ ልታደርጊው ነው?»

«እስክትቀዘቅዝ እንጠብቅ ማለቴ ነው።»

«እማዬ እውነቷን ነው፣ ጋሼ» አለ ክብሮም። «የሞቀ ሞተር ሕመሙን ይደብቃል። ዘይት የሚበላ ከሆነ ቀዝቅዞ ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል።»

«የአገርን ልጅ ዕቃ መፈተሽ ነውር ነው። ኸላስ፣ አለቀ።»

እኔ ገና ሳይገዛት ልጄን ወደ ካፉሪ በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ሦስት ጊዜ ወድቆ በሐሳቤ አይቼዋለሁ። ነውር የሚባለው ነገር ከዚህ በልጦ አልታየኝም። ክብሮም ሰንሰለቷን ሳብ ሳብ አደረገ፤ የነዳጅ ጋኗን ከፍቶ ዝገት ይኑረው አይኑረው በባትሪ አየ። ጋሼ በሐፍረት ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ።

«ሠላሳ ዓመት ልብስ ሰፍቻለሁ» አሉ። «አንድም ደንበኛ ሸሚዙን ገልብጦ ስፌቴን አልመረመረም።»

«እርስዎስ ጨርቅ ሲገዙ አይገለብጡም?» አልኳቸው።

«ጨርቅማ...» አሉ። እያጉረመረሙ ቁጢጥ አሉና አውራ ጣታቸውን ከመሪው ሥር በአዲሱ ቀለም ላይ አሳለፉ። ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«እዚህ ጋ ስፌት አለ።»

ክብሮም ቀለሙን በጥፍሩ ፋቅ አደረገው። መሪዋን የሚይዘው አንገቷ ተሰብሮ የተበየደ ነበር።

ኢሳ መሬት መሬት አየ። «እኔም ከአገር ልጅ ነው የገዛኋት። መፈተሹን ዐፈርኩ። ብየዳውን ያየሁት ቀለም ስቀባት ነው።»

«አይተህስ ይህን ልጅ ልታስቀምጥባት ነበር?» አሉ ጋሼ።

ኢሳ ቁልፏን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «ምርቃቴን አንሥቻለሁ» አሉት።

በመመለሻው አውቶቡስ፣ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሳቸው የነበረ ይመስል መከሩን። «አሮጌ ሞተር ቀዝቅዛ ትነሣ። ከቀለሙ ሥር ይዳሰስ። ብረቷ ላይ ያለው ቁጥር ከወረቀቷ ጋር ይመሳከር። ሰውየውን አምናለሁ፤ ብረቱን ከየት አውቀዋለሁ? ኢሳም ያን ጊዜ ፈትሾ ቢሆን ዛሬ ባልዋሸ ነበር።» ጠዋት የለመንኳቸውን ነው መልሰው የሚነግሩኝ። ልጄ በደኅና አጠገቤ ስለተቀመጠ ሳልከራከር ሰማሁ።

ማታ ክብሮም ገብቶ ከተኛ በኋላ የግቢውን በር ቆለፍኩ። ጋሼ ከአልጋቸው ተነሥተው መጡ።

«ቆልፌዋለሁ» አልኳቸው።

«አምንሻለሁ» አሉና በሩን ሁለት ጊዜ ገፉት።