ከሰላምታው እጁ የሚቀድም ሰው

እስቲ ወንበር መጎተቱን አንዴ ተዉልኝ። ጎሚስታው፣ አንተም ሳህኑን አስቀምጠው፤ ማንም አይነጥቅህም። ዛሬ በጋሼ መሸኛ ላይ እንድናገር የተመረጥኩት አፍ ስላለኝ እንዳይመስላችሁ። ከሹፌሮቹ ሁሉ ጋሼን አኩርፋ የምታውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው። ወደ ኩርፊያው እመጣለሁ።

አዲሶቹ ሹፌሮች፣ ጋሼ መጀመሪያ ግቢያችን የገባ ዕለት ምን እንዳደረገ አልሰማችሁም። አለቃችን ያገለገሉ ከባድ መኪኖች ከመግዛታቸው በፊት የሚመረምርላቸው ሰው ይፈልጉ ነበርና ለጠዋት ቀጠሩት። እሱ ሲገባ አለቃችን መኪናቸው አጠገብ ቆመው ሰዓታቸውን ያያሉ። “ስንት ሰዓት ሙሉ ስጠብቅህ!” ብለው እጃቸውን ለሰላምታ ዘረጉ። ጋሼ እጃቸውን አልጨበጠም። መዳፉን የመኪናቸው ኮፈን ላይ ጣል አደረገና “መኪናዎ ግን አሁን ነው የገባው” አላቸው። እኛ ሳቃችን እንዳይሰማ ተሳቢ ጀርባ ተደበቅን። አለቃችን ትንሽ አዩት፣ አዩትና “ነገ ሥራ ጀምር” አሉት። ውሸቴን ከሆነ እዚሁ አሉ፣ ጠይቋቸው። ይኸው፣ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲህ ስሙ ጋሼ መዳፍ ሆኖ ቀረ። መጀመሪያ አንቱ ስንለው “አንቱ የሚባል ሰው መኪና ስር ካርቶን ላይ አይተኛም” ብሎ ከለከለን። ስለዚህ አንተ እያልኩ ብቀጥል ድፍረት አይሁንብኝ።

መኪና ልናይ ስንሄድ ሻጩ ፈገግ ብሎ እጁን ዘርግቶ ይመጣል። የጋሼ እጅ ግን ቀድሞ ሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ሞቅ ካለ ሻጩ እኛ ሳንደርስ አስነስቶታል ማለት ነው። ለምን አስነሳው? ምናልባት ጠዋት አልነሳም ብሎ ሲያስቸግር፣ ሲነሳም ሲያጨስ እንዳናይበት ይሆናላ። ጋሼ አይጣላም፣ አይከራከርም። “መልካም፣ ነገ ሳይነሳ እናየዋለን” ብሎ ውልቅ ነው። አለቃችን ስንቴ በዚህች ቃል ፀጉራቸውን እንደነጩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ወሬው ሻጮች ዘንድ ደረሰ። አንዱ ደላላ ብልህ ነኝ ብሎ ሞተሩን ካሞቀ በኋላ ውሃ በባልዲ እያመጣ አቀዘቀዘው። ጋሼ መዳፉን አሳረፈ፣ አነሳው፣ አገላብጦ አየው። ከዚያ ደላላውን በሐዘኔታ “ወንድሜ፣ ይሄ ሞተር ታጥቦ ነው ወይስ አልቅሶ?” አለው። ደላላው ራሱ ሳቁ አመለጠው።

ካርቶኗንማ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። ጋሼ መኪና ስር የሚገባው እሷን አንጥፎ ነው። አዝነንለት ባለ ጎማ መተኛ ገዛንለት። ከልቡ አመሰገነንና የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገው። አንዴ ከስር አልወጣም ሲል አለቃችን ጎንበስ ብለው “እንቅልፍ ወሰደህ እንዴ?” አሉት። ከውስጥ “እያወራን ነው፣ አያቋርጡን” የሚል ድምፅ መጣ። የኪሎ ሜትር ቆጣሪ አያምንም። ጋቢና ገብቶ ፔዳሉን ዳበስ ያደርግና “ቆጣሪው ገና ሕፃን ነኝ ይላል፣ ፍሬኑ ግን አያት ሆኗል” ይላል። አዲስ ቀለምማ ሲያይ ፊቱ ይጠቁራል።

ደግሞ ይቺ እጅ በመኪና አትቆምም። ጸሐፊያችን አሞኛል ማለትን ነውር አድርጋ ትኩሳቷን ደብቃ የመጣች ቀን፣ ጋሼ ደህና አደርሽ ከማለቱ በፊት እጁን ግንባሯ ላይ አኑሮ “አንቺ ሞቀሽ ነው የመጣሽው፣ ነገ ቀዝቅዘሽ እናይሻለን” ብሎ ወደ ቤቷ መለሳት። እኛን ሁላችንን እንዲያ ሲዳብሰን ነው የኖረው።

አሁን ወደ ኩርፊያዬ።

ያኔ የምነዳት መኪና ዝናብ ሲጥል ጋቢናዋ ያፈስ ነበር፤ ጉልበቴ ላይ ፎጣ አድርጌ ነበር የምነዳው። ልጄን ብቻዬን ነው የማሳድጋት፤ መንገድ ስወጣ እህቴ ጋ ትቆያለች። አለቃችን ለእኔ ብለው አንድ ነጭ መኪና አገኙ። መኝታ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ ምኑ ቅጡ። ለልጄ ቀለሙን ሁሉ ነግሬያታለሁ። ሄድን። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነው። አንዴ ሲነካ ተነሳ፣ ጭስ የለ፣ ኳኳታ የለ። እኔ በልቤ ዕቃዬን ጭኜ ጨርሻለሁ። ጋሼ ከስር ወጥቶ ካርቶኗን አራገፈና “ይቅርብን” አለ።

ለምን ሲሉት፣ መኪናውን በተሸከመው ብረት፣ ሻንሲው ላይ፣ አንድ ቦታ ብቻ አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ከስሩ ብየዳ ይኑር ዝገት አላውቅም፣ ልፋቀው ብል ሻጩ እምቢ ብሎኛል አለ። አለቃችን “ተሰብሮ ተበይዷል እያልክ ነው? እርግጠኛ ነህ?” አሉት። “አይደለሁም” አለ። ጭነት እየጠበቀን፣ ደንበኛ እየደወለ፣ እርግጠኛ ባልሆነ ሰው ቃል ነጩን መኪና ትተን ተመለስን።

እኔ ደም ፍላት ያዘኝ። ሰላም ማለት ተውኩ። እሱ ግን በየጠዋቱ ሻይ ይዞ ይመጣና የጋቢናዬ ደረጃ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ይሄዳል። እኔም ሻዩን እጠጣለሁ፣ እሱን አላናግርም። አንድ ቀን ግን አላስችል አለኝና “ተሳስተህ ቢሆንስ?” አልኩት።

“ተሳስቼ ሊሆን ይችላል” አለኝ። “ደህናውን መኪና ከልክዬሽ ከሆነ ታኮርፊኛለሽ፤ እችለዋለሁ። መጥፎውን ሰጥቼሽ ከሆነስ ለልጅሽ ምን ብዬ እነግራታለሁ?”

ሻዩን ይዤ ቀረሁ።

ያ ነጭ መኪና ምን እንደደረሰበት ዛሬም አናውቅም። ምናልባት ይሄኔ ደህና አድርጎ እየሄደ ይሆናል። ይሂድ፤ የሚነዳውንም በሰላም ቤቱ ያግባው። እኔ ማረጋገጫ አልፈልግም። የፈለግሁት መልስ ያን ቀን ከሻዩ ጋር ተሰጥቶኛል።

ቆይቶ ሌላ አገኘልኝ፤ አንዱ በር ሰማያዊ፣ አንዱ በር ግራጫ የሆነ አስቀያሚ። ሁሉን መርምሮ ሲያበቃ፣ ሲነዳው የኖረውን ሹፌር አስጠራው። ሰውዬው ቁልፉን ሲሰጠን ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሼም “ይሄን ነው የምንገዛው” አለ። ቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት ቀለሙን አልጠየቀችኝም። “ጋሼ አይቶታል?” አለችኝ። አዎ ስላት “እሺ፣ ሂጂ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ መኪና በቀየርኩ ቁጥር፣ መንገድ በወጣሁ ቁጥር ጥያቄዋ እሱ ነበር።

ጋሼ፣ ይሄንን በግቢ ውስጥ ብነግርህ “ሥራሽን ሥሪ” ትለኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ማምለጫ የለህም። እዚህ ያለነው ሹፌሮች ቤታችን በደህና በገባን ቁጥር የአንተ እጅ ነበረበት። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁን ሚስቶች፣ እናቶች፣ ልጆች፣ ብዙዎቹ መልክህን እንኳ አያውቁትም። በእነሱም ስም አመሰግንሃለሁ። እንወድሃለን። በጣም ነው የምንወድህ።

አለቃችን የጋሼን የመመርመር ሥራ ለእኔ ሲሰጡኝ ፈራሁ፤ አልደብቃችሁም። ባለፈው ሳምንት ከእሱ ጋር መኪና ልናይ ሄድን። እዚያ ስንደርስ ጋሼ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ። ሻጩ ለሰላምታ መጣ፤ እኔ መዳፌን ሞተሩ ላይ አሳረፍኩ። ለብ ብሏል። ሻጩ “ፀሐይ ነው እኮ” አለኝ። መኪናው ቆርቆሮ ጥላ ስር ነው የቆመው። ጋሼን አየሁት፤ እሱ ቆርቆሮውን ያያል። መኪናው በአስቸኳይ እንደሚፈለግ አውቃለሁ። “መልካም፣ ነገ ሳይነሳ እናየዋለን” አልኩ። በራችን ጋ ስንደርስ “በቃ፣ አሁን ቤቴ ልቀመጥ እችላለሁ” አለኝ።

ስጦታህ በሩ ጋ አለ፤ እግር የሚያስዘረጋ ወንበር ነው። ብርጭቆ ማስቀመጫ ብታደርገው እንቀየምሃለን። ካርቶኗ ግን ከእኔ ጋር ትቀራለች።

በሉ ብርጭቆ። ቆይ፣ ከማንሳታችሁ በፊት መዳፋችሁን አሳርፉበት። ቀዝቃዛ ነው? ጎሚስታው፣ ያንተ ከወዲሁ ለምን ጎደለ? ጋሼ፣ ጤና ይስጥህ። ጠዋት ጠዋት ማንም አይቀስቅስህ። እጅህ ከእንግዲህ የልጅ ልጆችህን ግንባር ብቻ ትዳብስ፣ እነሱም ሁልጊዜ ደህና ይሁኑ።

ልጄ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች፤ ትልቅ ሰው ሆናለች። ዛሬ ልንመጣ ስንለብስ “ከእንግዲህ ማን አይቶታል ብዬ ልጠይቅ?” አለችኝ። ያኔ ጫማዬን እንደማስር ሆኜ አለፍኳት። አሁን ሁላችሁም እየሰማችሁ ልመልስላት። መኪናውን እኔ አይቼዋለሁ፣ ልጄ። እኔን ደግሞ ጋሼ አይቶኛል።

ለጤናህ፣ ጋሼ።