አንድ ጥግ ብቻ

በእኛ ጊዜ፣ ሩትዬ፣ ታሪክ የሚያስተምረን ህንዳዊ ነበር፤ ስለ አገሩ ሲያወራ ጠመኔው እጁ ላይ ይሰበራል። «እንግሊዞች በጦር መጡብን እንዳትሉ» ይለናል፣ «በመርከብ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው። ንጉሡ ፊት እጅ ነሥተው፣ ጨርቅና ቅመም የሚያስቀምጡበት መጋዘን ለመኑ።» ታዲያ ተሰጣቸው። እና ሌባ አስቸገረን ብለው መጋዘኑን አጠሩ፣ ዘበኛ ቀጠሩ፣ ዘበኛው ጦር ሆነ፤ በመጨረሻም «ለምን ይደክማሉ? ግብሩን እኛ እንሰብስብልዎ» አሉት። ፈረመ። ዙፋኑን አልነኩበትም። እሱ እዚያ ላይ ተቀምጦ አገሩን እነሱ ገዙት። በዚያ ፈተና ከክፍሉ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ! ዩኒቨርሲቲም የተማርኩት ይህንኑ ታሪክ ነው። እዚህ አሜሪካ ስመጣ ግን «ዲግሪህ አይሠራም» ተባልኩና ሃያ ዓመት ታክሲ ነዳሁ።

ታዲያ በኋላ የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሰብሳቢ አደረጉኝ። ሃቫና ስትሪት የሚባለው መንገድ አጠገብ የተከራየናት አዳራሽ ነበረችን፤ ሰው ሲሞትብን ለቅሶ የምንቀመጠው እዚያ ነው። አንድ ነጋዴ መጣ። አጎነባበሱን ብታዪ! «ፕሮፌሰር፣ አንድ ጥግ ብቻ ይስጡኝ፣ ለጥቂት ኬሻ በርበሬ።» ሰጠሁት። እና የተበላሸውን ሂተር አሠራልን፣ ለእኔም የሚሽከረከር የቆዳ ወንበር አመጣልኝ። ቀጠለና «ፕሮፌሰር፣ ዕቃዬ እንዳይሰረቅ ቁልፉን ልቀይረው?» ቀየረው። ቀጠለና «ፕሮፌሰር፣ ከአከራዩ ጋር ምን ያጨቃጭቅዎታል? ሊዙን፣ የኪራይ ውሉን፣ በእኔ ስም እናድርገው፤ እርስዎ ሰብሳቢነትዎ እንዳለ ነው።» ፈረምኩ።

እና ጥር ላይ የጓደኛዬ የግርማ ሚስት ሞተች። ከቀብር ተመልሰን ብንሄድ አዳራሹ ተቆልፏል። ደወልኩለት። «ውይ ጋሼ፣ ዛሬ ጭነት እየገባልኝ ነው፤ ቀደም ብላችሁ ብትነግሩኝ ምናለ?» ሰማሽ? ጋሼ! ፕሮፌሰርነቴ ያን ቀን ቀረ። ግርማ በዚያ ዕድሜው ፓርኪንጉ ውስጥ በረዶ ላይ ቆሟል፤ ለቀስተኛው እየመጣ «እግዚአብሔር ያጥናዎ» ይለዋል፣ በመኪና መሀል። በሩ አጠገብ ሳይ ወንበሬ ተጥላለች፤ አውጥቷታል፣ በረዶ ለብሳለች። በእጅጌዬ ጠረግኳትና ግርማን እሷ ላይ አስቀመጥኩት። ሚስቱን የቀበረ ሰው፣ በምትሽከረከር ወንበር! ከዚያን ቀን ወዲህ ግርማ አያነጋግረኝም። ሌባው እሱ፣ የተኮረፍኩት እኔ። አይደለም እንዴ?

«ግን ጋሼ፣ ሁሉን ነገር ያውቁት ነበር እኮ። ለምን ሳይን አደረጉ?»

እህ... ፕሮፌሰር አለኛ። ሃያ ዓመት ከኋላዬ ተቀምጠው «እዚህ ጋ አውርደኝ» ሲሉኝ ኖሬ፣ አንድ ሰው ፕሮፌሰር አለኝ። (ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው።) ያንን ንጉሥ ምን እያሉ ይጠሩት እንደነበር አስተማሪያችን አልነገረንም እኮ፣ ሩትዬ። ዋናውን ነገር ሳይነግረን ቀረ።